በመንገድ ላይ መርዶ የለም

ስፒሪዶንን በሰሜኑ አውራ ጎዳና ላይ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ሹፌሮቹ «ሙሽራው» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ፌክላን ከወንዝ ማዶ አግብቶ ወደ መንደራችን ወደ ኡስ ኩዮል ሲያመጣት ነው። ያኔም ወሩ መጋቢት ነበር። ፌክላ ጋቢናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ የእናቷን የሸክላ ሳህኖች በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር። ሳህኖቹ እንዳይሰበሩባት ብሎ የጭነት መኪናውን በሰው እርምጃ ነዳው። ሲደርሱ ሠርገኛው ለሠርጉ የታረደውን የፈረስ ሥጋ ጨርሶ፣ ዘፈኑንም ጨርሶ፣ ግማሹ ተኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶ መኪናም ቢነዳ ከኋላው የሚደርስበት ሁሉ መስኮቱን አውርዶ «ዛሬስ ማንን ጭነህ ነው?» ሳይለው አያልፍም። እሱም ይስቃል። በዚያ መንገድ ላይ ቸኩለው የቀሩትን ሰዎች በስም ያውቃቸዋል፤ ግን ለመልስ ብሎ አንስቷቸው አያውቅም።

መንገዱ የራሱ ደንብ አለው። የቆመ መኪና አይታለፍም። በብርዱ ወራት ሞተር አይጠፋም። «በዚህ ሰዓት እደርሳለሁ» ተብሎ አይነገርም። ከሁሉም የሚከብደው ግን መሪ ለያዘ ሰው ሞት አለመንገር ነው። ድሮ አንድ ሹፌር ምግብ ቤት ሻይ እየጠጣ ሳለ የልጁን ሞት ነገሩት አሉ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ አመስግኖ ወጣ፤ ሁለት መታጠፊያ እንኳ ሳይርቅ ገደል ውስጥ አገኙት። ከዚያ በኋላ ዜናው ቀድሞ የደረሳቸው ሁሉ፣ ነዳጅ ቀጂውም፣ በረዶ ጠራጊውም፣ ወጥ ሠሪዋም ውጠውት ሹፌሩን እስከ ቤቱ ይሸኙታል። መርዶው የሚነገረው በገዛ ደጁ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘመድ ከቦት ነው። ባለ ጉዳዩም በመንገድ ላይ አይጠይቅም። መጠየቅ ሰውን ማዋሸት ነው ተብሎ ይታሰባል።

ስፒሪዶን ይህን ደንብ ራሱ ጠብቆታል። እናቱ የሞተችበት አንድ ሹፌር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲበላ ምንም ሳይናገር አብሮት በልቷል። ያኔ ምን እንዳደረጉ አይረሳውም። ከድስቱ ውስጥ ደህና ደህናውን ሥጋ ወደ ሰውዬው ገፉለት። ሳይጠይቃቸው ጎማውን መረመሩለት። ሲነሳም አንድ መኪና ከኋላው አስከተሉለት። ደግሞም በዚያ ቀን ማንም አልቀለደበትም።

ፌክላ የታመመችው በመኸር ነው። የያኩትስክ ሐኪሞች ሆዷን ከፍተው አይተው መልሰው ሰፉት፤ «እቤቷ ትሁን» አሉ። አንድ ልጃቸው ኩንኔይ እዚያው ያኩትስክ መምህርነት ትማራለች። እናቷ በተኛችበት ሰሞን ለተግባር ልምምድ ሌላ ወረዳ ሄዳ ስለነበር አላወቀችም። ፌክላም «ትምህርቷን እስክትጨርስ ማንም እንዳይነግራት» ብላ እህቷን ማትሪዮናንም ባሏንም አስማለቻቸው። የካቲት ሲያልቅ ግን ስፒሪዶንን ወደ አልጋዋ ጠራችው።

«ልጅቷን አምጣልኝ።»

«ትምህርቷስ?»

«ይጠብቃታል።» ትንሽ ተንፍሳ ጨመረች። «ደሞ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ንዳ።»

ወደ እኛ የሚመጣው አውሮፕላን ሲያሻው ነው የሚመጣው። የወንዞቹ በረዶም ሊላላ ነው፤ ከላላ እስከ ሰኔ ድረስ መንገድ የለም። ስፒሪዶን በዚያው ቀን ተነሳ።

ሲወርድ ተራራው ላይ ከኢግናት ጋር ተገናኙ። ኢግናት ከስፒሪዶን ጋር በወጣትነታቸው አንድ ጋቢና ውስጥ እየተፈራረቀ የነዳ፣ አንድ ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። በመንገዱ ላይ እንደሱ አፈኛ የለም፤ «ሙሽራው» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ጭነቱን ወደ ኡስት ኔራ ይዞ ይሄዳል። መኪናዎቻቸውን ጎን ለጎን አቁመው በመስኮት ተነጋገሩ።

«አንተ ሰውዬ! አምና የተላለፍነው እዚሁ ቦታ ላይ አልነበረም? እስካሁን አልተነቃነቅክም?»

«አንተን ስጠብቅ። ያ የወርቅ ጥርስህ ከሩቅ ሲያበራ ጊዜ መብራት መስሎኝ ቆምኩ።»

«ጥርሱን እንዳትነካብኝ፣ ያለኝ ንብረት እሱ ነው።» ኢግናት ሳቀና ሳቁን አቆመ። «ፌክላስ?»

«ልጅቷን ላመጣላት ነው።»

ኢግናት ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «በል ሂድ። ዛሬ እንኳ አልሰድብህም» አለና መስኮቱን ዘጋ። ወዲያው መልሶ ከፈተው። «ሙሽራው! ንዳ እንጂ፣ መኪናው እንዲያረጅ ነው ምትጠብቀው?»

ኩንኔይ አባቷን የተማሪዎቹ መኖሪያ በር ላይ ቆሞ ስታየው ቦርሳዋን ለመሸከፍ ከመመለሷ በፊት «እማዬ ናት አይደል?» አለችው። «ትፈልግሻለች» ብቻ አላት። የሌናን ወንዝ በበረዶው ላይ ተሻግረው ማዶ ሲወጡ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ጠየቀችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመኸር።»

«እኔ እዚያ ስዘፍን፣ ስጨፍር፣ እናንተ ሁላችሁ ታውቁ ነበር ማለት ነው። አክስቴም? ጎረቤቶቹም?»

«እናትሽ አስማለችን።»

«እኔ ሁሌ ሕፃን ነኝ ለናንተ» አለች። አመሻሽ ላይ ቴርሞሱን ከፍታ ሻይ ቀዳችለት፣ ስኳሩንም አማሰለችለት፤ እሱም ይቅርታ እንደተደረገለት ቆጠረው።

ሃንዲጋ ከተማ አደሩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ላይ ስልክ ስለማይሠራ ጠዋት ወደ ቤት ደወሉ። ማትሪዮና አነሳች። «ኧረ የት ናችሁ? ትናንት ሾርባ ቀመሰችልኝ። ዓይኗን ከበሩ ላይ አታነሳም። ቶሎ በሉ እንጂ!» ከዚያ ስልኩን ወደ ፌክላ አፍ አስጠጋችው። ኩንኔይ በሁለት እጇ ይዛ አዳመጠች። የሚሰማው ትንፋሽ ነበር፤ ቆይቶ ድምፅ መጣ።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማዬ። ዛሬ ማታ አጠገብሽ ነኝ።»

ስፒሪዶን ክንዷን ያዝ አደረጋት። እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም። ግን ከአፏ ወጥቷል።

እዚያው ሃንዲጋ፣ ቁርስ ሊበሉ የገቡበት ምግብ ቤት ውስጥ የተለመደው ቀልድ ጠበቃቸው። አንድ ሹፌር ኩንኔይን እያየ «ሙሽራው፣ ዛሬስ እውነትም ጭነሃል!» አለ።

«ልጄ ናት። አፍህን ሰብስብ።»

«ልጅህ ከሆነችማ እኔ ልውሰዳት። አንተ የምታደርሳት ለፋሲካ ነው።»

«ፋሲካማ ቅርብ ነው» አለ ሌላው፣ «የሚቀጥለውን ዓመት ማለትህ ነው?»

ኩንኔይ ሳትወድ ሳቀች። ስፒሪዶን ግን ሻዩን ቆሞ ጠጣና ወጣ።

የዚያን ቀን ፈጥኖ ነዳ። ሹፌሮቹ ሁሉ እስከ ዛሬ ያነሱታል። ከአልዳን ወንዝ ርቆ ሜዳው ላይ ሁለት መኪና ቀደመ፤ ሹፌሮቹ በሚነጋገሩበት ሬዲዮ ወዲያው ጫጫታ ሆነ። «ማነው ይሄ ያለፈኝ? ሙሽራው ነው? ኧረ መኪናውን ተሰርቋል፣ ለፖሊስ ንገሩ!» «አይደለም፣ ፍሬኑ ተበጥሶበት ነው!» ኩንኔይ እግሮቿን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ እየሳቀች ስለ እናቷ ታወራው ጀመር፤ ፀጉሯን ስትሠራት እንዴት እንደምትጎትታት፣ የፈላ ወተት አጠገብ ቆማ እንዴት እንደምትቆጣው። ፀሐይዋ ጠንክራለች። የመንገዱ በረዶ ከላይ ከላይ ረጥቦ ያብረቀርቃል። እስከ ማታ እንደሚደርሱ በሆዱ አሰላው፤ በአፉ አልተናገረውም።

ተራሮቹ መሃል ሲገቡ ሬዲዮው ዝም አለ። መጀመሪያ ገደሉ ድምፁን የያዘው መሰለው። ማይኩን አንስቶ «ወደ ላይ ያለ አለ? መታጠፊያው እንዴት ነው?» አለ። ሩቅ አንድ ድምፅ «ደህና ነው፣ በጥንቃቄ ና፣ አጎቴ ስፒሪዶን» አለውና ጠፋ። በሬዲዮ በስሙ ከተጠራ ስንት ዘመኑ ነው?

ከተራራው መተላለፊያ በታች ግሬደር የሚነዳው ዬጎር መንገዱን እየጠረገ ደረሱበት። ዬጎር መኪና አቁሞ ማስጠበቅና በተጠባቂው ላይ መቀለድ የሚወድ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከሩቅ ሲያያቸው ግሬደሩን ወደ ዳር አወጣ፤ ወርዶ መንገዱ ዳር ቆመ። ስፒሪዶን መስኮቱን አወረደ።

«ዛሬ ስድብ የለም እንዴ?»

«ምን ስድብ አለ፣ አጎቴ። ይለፉ። እስከ ላይ ጠርጌዋለሁ።»

«እስከ ላይ?»

«እስከ ላይ። ሁለቴ።»

ስፒሪዶን መስኮቱን መለሰው። በመስተዋቱ ሲያይ ዬጎር አሁንም እዚያው ቆሞ ነበር፤ ቆቡ በእጁ ነው። ስፒሪዶን መሪውን የያዘበትን እጁን አየው፤ ጓንቱን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። ኩንኔይ «ምን ሆነ?» አለችው። «ምንም። ብርዱ ነው» አላት።

መተላለፊያው አናት ላይ እንደ ደንቡ ቆሙ። ኩንኔይ ከቂጣው ቆርሳ ለመንገዱ ባለቤት መንፈስ አስቀመጠች፤ ዛፉ ላይ ከታሰሩት ጨርቆች አጠገብ የራሷን ጨርቅ አሰረች። «እማዬን በደህና እንዳገኛት» አለች ድምፅ አውጥታ። ስፒሪዶን ወደ ሸለቆው ዞሮ ቆመ።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስትጠጋ ኪዩቢዩሜ ደረሱ። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ኡስት ኔራ፣ አንዱ ወደ እኛ። ያለው ነገር አንድ ነዳጅ ማደያና አንድ የዳርያ ምግብ ቤት ነው። ዳርያ ሰው ሲገባ ሰላምታዋ ጩኸት ነው። «ጫማህን አራግፍ! ወለሉን እናትህ ናት የምታጥበው?» ትላለች፤ ለሹፌርም ለሹመኛም ያው ነው። ስፒሪዶን በሩን ከፍቶ ጫማው ላይ ያለው በረዶ ወለሉ ላይ ሲፈርስ ጩኸቱን ጠበቀ። አልመጣም። ከምድጃው አጠገብ የነበሩት ሹፌሮች ተነስተው ቦታ ለቀቁላቸው። አንዱ የጀመረውን ሳቅ ሳል አስመሰለው። ጢሞፌይ የሚባለው ጎረምሳ ቆቡን ይዞ ወጣ፤ ሲመለስ እጁ በጎማ ጥቁረት ተለውሶ ነበር።

ዳርያ ጠረጴዛውን ጠረገችለት። ከዚያ ሾርባ አመጣች፤ በስፒሪዶን ሳህን ውስጥ ቅልጥሙ አለ። በዚያ ድስት ውስጥ አንድ ቅልጥም ነው የሚኖረው።

ስፒሪዶን ቅልጥሙን አየው። ቀና ሲል ዳርያ ወደ ምድጃዋ ዞረች።

«እንዴት ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለች ኩንኔይ፣ ዳቦውን እየቆረሰች። «ቅልጥሙን ካልፈለግከው ስጠኝ።»

ሰጣት። አንኳኩታ፣ መጥጣ በላችው። ሲያያት የአገጯ ቅርፅ የእናቷ ነው። ጠዋት ስልኩ ላይ «በልተሻል?» ያለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ አለ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው፣ ብሎ አሰበ። እኛ ሜዳው ላይ ስንስቅ ይሆናል። ማትሪዮና ለነርሷ ነግራ፣ ነርሷ በጤና ጣቢያው ሬዲዮ ተናግራ፣ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ መንገዱን ሞልቶታል። መጠየቅ ፈለገ። ዳርያ ጀርባዋን ሰጥታ ያላለቀውን ድስት ደጋግማ ታማስላለች፤ ከጠየቃት ትዋሻለች፣ ከዋሸችም ልጅቷ ፊቷን አይታ ታውቃለች። ማንኪያውን አንስቶ በላ።

ከኪዩቢዩሜ እስከ ኡስ ኩዮል ሌሊቱ ሳይጋመስ ያደርሳል። ነገር ግን ትንንሾቹ ወንዞች ቀን ቀን በበረዷቸው ላይ ውሃ ያፈሳሉ፤ ያ ውሃ ሲመሽ መስተዋት ይሆናል። የሚያስቸኩል ነገር ያለው ሰው ያልፈዋል። ጠዋት ቢሆን ኖሮ እሱም ያልፈው ነበር።

አሁን የሚያስቸኩል የለም ብሎ አሰበ። ደጃፉ ላይ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ጎረቤቶቹ ቆመው፣ ማትሪዮና ፀጉሯን ሸፍና፣ አንዱ እጁን በመስኮት አስገብቶ ሞተሩን ሲያጠፋ ይታየዋል። ይህን በሌሊት፣ ደክሟት፣ እንቅልፍ ባይኗ እያለ ለምን ታየዋለች? አንድ ሌሊት እናት ያላት ልጅ ሆና ትተኛ። ለእሷ ሊሰጣት የሚችለው የቀረው ነገር ይህ መሰለው።

«እዚህ እናድራለን» አለ።

ኩንኔይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ለምን? ዛሬ ማታ እደርሳለሁ ብያት የለ?»

«ወንዞቹ ላይ ውሃ አለ። አላምነውም።»

«ጠዋት እኮ ስትበር ነበር!»

«ጠዋት ጠዋት ነው። ተኚ።»

ዳርያ ከምድጃው ዘወር ብላ «ልታድሩ?» አለች። ፊቷ ላይ መደንገጥ ነበር። ስፒሪዶን አዘነችለት ብሎ አሰበ። እሷም ለአፍታ ፊቱን አየችው፣ ከዚያ ዓይኗን ሰበረች። «እሺ» አለች ቀስ ብላ፣ «እረፍት ጥሩ ነው። አልጋ አለኝ። ጠዋት ጢሞፌይ ከኋላችሁ ይነዳል።»

ከኋላችሁ ይነዳል። ይህን ሲሰማ የቀረችው ጥርጣሬም ሄደችለት።

ኩንኔይ ልብሷን ሳታወልቅ ተኛች። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውጭ የሚሠራውን ሞተሩን እያዳመጠ አደረ።

ሲነጋ ተነሱ። ጢሞፌይ ከኋላቸው፣ እነሱ ከፊት፣ ስፒሪዶን እንደ ዱሮው ቀስ ብሎ ነዳ። ኩንኔይ በየመታጠፊያው «አባ፣ ጨምር እንጂ» አለችው። አልጨመረም። ፀሐይ ከፍ ስትል መንደሩ ታየ፤ የቤታቸው ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ደጃፉ ላይ ሰው ቆሟል፣ ልክ እንዳሰበው። ኩንኔይ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍታ ወረደች። ማትሪዮና ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ አይታ ቆመች።

«ምነው ቆያችሁ?» አለች ማትሪዮና። «ምነው? ሌሊቱን ሙሉ በሩን ስታይ አድራ... ጎህ ሲቀድ ነው እኮ። አሁን ጎህ ሲቀድ። ሞተር በሰማች ቁጥር ‹እነሱ ናቸው› ትለኛለች። የሰው መኪና እያለፈ፣ እሷ ‹እነሱ ናቸው› እያለች።»

ስፒሪዶን ከጋቢናው አልወረደም። አንድ ጎረቤት እጁን በመስኮት አስገብቶ ሞተሩን አጠፋው።

«ትናንት አይደለም?» አለ ስፒሪዶን።

«ምኑ ነው ትናንት?»

«ፌክላ። ትናንት ቀን አልነበረም?»

«ትናንትማ ገንፎ ጠይቃ ሁለት ማንኪያ በልታለች» አለች ማትሪዮና።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጎረቤትየው እጁን ስፒሪዶን ትከሻ ላይ አደረገ። «ስፒሪዶን፣ ሌላም አለ። እንግዲህ ደጅህ ደርሰሃል። ኢግናት አርፏል። ትናንት ጠዋት በኡስት ኔራ መንገድ፣ መኪናው ዳር ይዞ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ እሱ መሪው ላይ እንደተቀመጠ ነው ያገኙት። ልቡ ነው ይላሉ። መንገዱ ሁሉ አንተ እስክትገባ ጠበቀ።»

ስፒሪዶን ወረደና የመኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጠ። ከቤት ውስጥ የኩንኔይ ድምፅ ይሰማ ነበር። እናቷን አልጠራችም፤ «በልቻለሁ፣ በልቻለሁ» ነበር የምትለው።

መሬቱ እንደ ብረት ነው። መቃብሩ ላይ እሳት አንድደው፣ የቀለጠውን ቆፍረው፣ መልሰው አንድደው፣ ቀናት ፈጀባቸው። ሹፌሮቹ ከየመንገዱ መጥተው ቆፈሩ፤ ግማሾቹ ከኢግናት ቀብር በቀጥታ የመጡ ነበሩ። ኩንኔይ ለአባቷ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ጓንቱን ታደርቅለታለች፤ ግን አታናግረውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀብሩ ዕለት ጠዋት፣ «ወንዙ ላይ ውሃ አልነበረም» አለችው። «ስናልፍ አየሁት። ደረቅ ነበር።»

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ሰው ሞላ። ዳርያ ምግብ ቤቷን ዘግታ ከነድስቷ መጥታለች። ስፒሪዶን ጥግ ላይ በተቀመጠበት አጠገቡ ቁጭ አለች፤ ኩንኔይ ሳህን ይዛ ከኋላቸው ታልፋለች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ዳርያ። «ያን ቀን እንዴት እንደጨነቀኝ። የኢግናትን ነገር ውጬ ላንተ ሾርባ ማቅረብ! አንድ ጋቢና ውስጥ ያደጋችሁ ሰዎች። ቅልጥሙን አስቀምጬልህ ወደ ምድጃዬ ዞርኩ።»

ስፒሪዶን ወደ እሷ ዞረ።

«እናድራለን ስትል ደነገጥኩ። ፌክላ ታማ፣ ይህች ልጅ እየጠበቀች፣ እንዴት ያድራል አልኩ። ኋላ ፊትህን ሳየው፣ በቃ አንዱ አፈኛ በሬዲዮ አምልጦት የኢግናትን ነግሮታል፣ ሐዘኑ ከብዶት ነው አልኩ። መንዳት ካልቻለ ይረፍ ብዬ ዝም አልኩ።» ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች። «ገፍቼ ብሰድህ ኖሮ ምናልባት በሕይወት... ግን መሪ ይዘሃል። ክፉ አደረግሁ?»

በቤቱ ውስጥ ሰው ይንጫጫል። ስፒሪዶን የዳርያን እጅ አየ፤ በጋለ ድስት የተቃጠለ፣ ጣቶቹ ያበጡ እጅ ነው።

«ደግ አድርገሻል» አላት። «ሰምቼ ነበር። ስለ ኢግናት ሰምቼ ነበር። ደክሞኝ ነው ያደርኩት።»

«እኔም አልኩ» አለች ዳርያ፣ ተንፍሳ። «እኔም ልክ እንደዚያ ነው ያልኩት።»

ኩንኔይ ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አባቷ ደጃፋቸው ላይ ስለ ኢግናት ሲነገረው ቤት ውስጥ ነበረች፤ ግን ያን ጊዜ ገና መስማቱ እንደነበረ ማትሪዮና ነግራታለች። «ትናንት አይደለም?» ማለቱንም ነግራታለች። ዞራ አባቷን አየችው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ስፒሪዶን ለመጠጥ ውሃ ከወንዙ ተቆርጦ ደጅ የተደረደረውን በረዶ በመጥረቢያ ይፈልጥ ነበር። ኩንኔይ ኮቷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች።

«ሞታለች ብለህ ነው ያሳደርከኝ?»

«አዎ።»

«እንድተኛ ብለህ?»

«አንድ ሌሊት ብዬ ነው» አለ። መጥረቢያውን አወረደ። «አንድ ሌሊት እንኳ ሳታውቂው።»

ኩንኔይ ኮቷን ወደ አንገቷ ሳበች። ትንፋሿ በፊቷ ላይ እየተነነ ይሄዳል።

«እኔ መሪ አልያዝኩም ነበር፣ አባ» አለች። «ደንቡ መሪ ለያዘ ሰው ነው አይደል? ወደ ዳርያ ልከኸኝ ‹ማን ነው የሞተው?› ብዬ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ‹ኢግናት› ትለኝ ነበር። እናልፍ ነበር።»

ስፒሪዶን በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰው ሲበላ ሲያይ፣ ይህ ትዝ ብሎት አያውቅም። ለማንም ትዝ ብሎ አያውቅም። ጋቢናው ውስጥ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ነበረ፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ተሳፋሪ፤ ማንም ያንን ሁለተኛ ሰው ጠርቶ ነግሮት አያውቅም፣ ሁለተኛውም ሰው ወርዶ ጠይቆ አያውቅም።

«አላሰብኩትም» አለ።

«አውቃለሁ» አለች።

ጎንበስ ብላ ከበረዶው ትልቁን ቁራጭ አቅፋ አነሳች። ከበዳት። ሊቀበላት ሁለት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።